ባልና ሚስት ድሬ ላይ በሳይክል፦ ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ባለቤቴም አጠገቤ ሆኖ ሰማው። ሁለታችሁም ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ልትዛወሩ ነው፣ ሳይክል ትወዳላችሁ፣ መኪና የመግዛት ሐሳብ የላችሁም። በዚያ ሙቀት መንዳት ይቻላል ወይ? ሴት ስትነዳ ሰው ምን ይላል? ቅዳሜና እሁድ ሐረር ድረስ ይኬዳል ወይ? ሳይክላችንን ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያው እንግዛ? ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እስካሁን የተሰጡሽ መልሶች ግማሹ "ኧረ ትቀልጣላችሁ"፣ ግማሹ "ድሬ ሜዳ ናት፣ ምንም አትሆኑም" የሚሉ ናቸው። እኛ ከተጋባን ጀምሮ ሥራም፣ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሽርሽርም የምንሄደው በሳይክል ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ይቻላል። ሰዓቱን ካወቃችሁበት እንዲያውም ከአዲስ አበባ ይቀላል። ሰዓቱን ካላወቃችሁበት ግን በመጀመሪያው ግንቦት ሳይክሉን ትሸጡታላችሁ፤ ብዙ ሰው ሲሸጥ አይቻለሁ።

በሙቀቱ ልጀምር፣ ሁሉም የሚያስፈራራሽ በእሱ ስለሆነ። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከባዱ ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው፤ ቀኑ 35 ዲግሪ ሲገባ ከፀሐዩ ይልቅ አስፋልቱ የሚመልሰው ሙቀት ነው የሚያደክመው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ማለዳ ላይ ስስ ሹራብ ያስፈልግሻል፣ አየሩም ለመንዳት የተመቸ ነው። እንግዲህ የምትገቡት በየትኛው ወር እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ምርጫ ካላችሁ ከመስከረም በኋላ ግቡ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ሰውነታችሁ ይለምዳል።

የእኛ ቀን እንዲህ ነው። እሱ አስተማሪ ነው፣ እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ከቤት የምንወጣው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ አየሩ ያስነዳል። ከአምስት እስከ አስር ሰዓት ሳይክሎቹ ጥላ ሥር ይቆማሉ፣ እኛም እንደ ከተማው እናርፋለን። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ በርጫ፣ ጫት ሊቅም ማለት ነው፣ የሚቀመጠው ይቀመጣል። አዲስ የመጣ ሰው ያንን ጭርታ አይቶ "መንገዱ ባዶ ነው" ብሎ ይወጣል፤ እናንተ በዚያ ሰዓት እንዳትወጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ድሬ እንደገና ትነሳለች። ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል፣ ሰዉ በር በሩ ላይ ወንበር ሲያወጣ፣ እኛም ወጥተን ከዚራ የሚባለውን ሰፈር እንዞራለን። የቀኑ ምርጥ ሰዓታችን እሱ ነው።

ውኃ ከመጠማታችሁ በፊት ጠጡ። ረዥም መንገድ ስንሄድ ሎሚ ጨምቀን ቁንጥር ጨውና ትንሽ ስኳር እንጨምርበታለን፤ ላብ ጨውንም ይዞ ስለሚወጣ ውኃ ብቻውን አይበቃም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ የዚያን ቀን መንዳት እዚያው ያበቃል፤ ጥላ ሥር ገብቶ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገት ላይ አድርጎ፣ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ቤት ነው። ላብ ካቆመ ወይም ንግግር ከተምታታ ግን ቤትም አይኬድ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ይሄን በሥራዬም ስለማየው አጥብቄ ነው የምነግርሽ።

አሁን ከተማዋን ላሳይሽ። ድሬ ባቡር የመሠረታት ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር እንዳይቀጥል ተራራው ስለከለከለው፣ ከተማዋ ተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ሳይክል ለሚነዳ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ከዚራ ከጥንት በፕላን ስለተሠራ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተያይዘው ጥላ ያደርጋሉ። ግንቦት አካባቢ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ቀይ አበባውን ሲያወጣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀምሮ ያለውን መንገድ ብታዪው ደስ ይልሻል። ስልኬ ውስጥ ካሉት የሁለታችን ፎቶዎች የሚበዙት እዚያ የተነሱ ናቸው። እኔ መንገድ የምመርጠው ጥላውን አይቼ ነው፤ ዞሬም ብሄድ ጥላ ያለበትን እይዛለሁ።

ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደጫቱን ወንዝ ተሻግረሽ ወደ መጋላና ወደ ቀፊራ ሰፈሮች ስትገቢ ነገሩ ይለወጣል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ማንም ሳይክል አይነዳም፣ ይገፋል። አህያው፣ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ባጃጁ፣ ቲማቲም መሬት ላይ ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ናቸው። እኛ ቅዳሜ ማለዳ ገብተን አንዳችን ሳይክሎቹን ይዘን ዳር እንቆማለን፣ አንዳችን እንገዛለን። ሳቢያን ሰፈር ደግሞ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጥላው ግን ትንሽ ነው።

ስለ ደጫቱ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ዕቃ ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በሳይክልም አቋርጦ የሚያልፍ አለ። ጎርፉ የሚመጣው ግን ከላይ ከተራራው ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎ አካባቢ የዘነበው ዝናብ በድንገት ሞልቶ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ድሬ ያንን ሌሊት አትረሳውም። ስለዚህ ተራራው ላይ ደመና ከጠቆረ፣ ከታች ፀሐይ ቢወጣም፣ መሻገር በድልድይ ብቻ ነው።

ሁለት ሆኖ ስለመንዳት። ባልና ሚስት ጎን ለጎን እያወሩ መንዳት ያምራል፤ ለዚህ የከዚራ የውስጥ መንገዶች አሉ። ዋና መንገድ ላይ ግን በሰልፍ ነው፣ ከፊት የሚሆነውም ዘገም የሚለው ሰው ነው። በእኛ ቤት ከፊት እኔ ነኝ። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ ሳያውቀው ይርቃል፣ ሁለተኛው ሊደርስበት ሲል በሙቀት ውስጥ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ ኩርፊያ ይመጣል። ዘገምተኛው ሲመራ ግን ፍጥነቱ ለሁለቱም ይሆናል፤ ከኋላ ያለው የሚመጣውን መኪና ሰምቶ "መኪና!" ይላል። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ምልክት ሳያሳይ ቀኙን ይዞ ይቆማል፣ ስለዚህ ከኋላው ተጠግታችሁ አትንዱ፤ ክፍተት ተዉ። ማታ ደግሞ የኋላ ቀይ መብራት የግድ ነው።

"ሰው ምን ይላል?" ላልሽው፦ መጀመሪያ ልጆች ይሮጡልሻል፣ አንዳንዱ "አቦ ጎበዝ!" ይልሻል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያይሻል። የሰፈርሽ ሰው ሲለምድሽ ያልፋል። ድሬ የሰውን ኑሮ ለሰውየው የምትተው ከተማ ናት። አማቴ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ዛሬ ከፋርማሲ መድኃኒታቸውን በሳይክል ሳደርስላቸው ሻሂ ሳልጠጣ አይለቁኝም። ስለ ልብሱ አትጨነቂ። እኔ የምነዳው ረዥም ቀሚስ ከሥሩ ሱሪ አድርጌ ነው፤ የሐረር ሴቶች ከቀሚስ ሥር ገናፊ የሚባለውን ሱሪ ሲለብሱ ስንት ዘመናቸው ነው፣ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ከሚሰፉት አንዱ ቀሚሴን ከጎኑ ትንሽ ቀዶ፣ ጫፉን አጥፎ፣ ከውስጥ ላስቲክ አስገብቶልኛል፤ ካቴናው አይበላውም፣ ንፋስም አያነሳውም። የካቴና መሸፈኛ ያለውና ከፊት ዝቅ ያለ ብረት ያለው ሳይክል ከመረጥሽ ደግሞ ቀሚሱ ጭራሽ አያስቸግርሽም።

ከከተማው ወጣ ስትሉ የሚያስቸግራችሁ እሾህ ነው። ግራሩም ፕሮሶፒሱም መንገድ ዳር ነው ያለው። ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቼ ነው የተማርኩት። ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ ማለት ነው፣ አውጥቶ ነፍቶ በሳፋ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ላይ ጣቱን ሳያነሳ አድርቆ ምልክት ያደርግበታል። ከመለጠፉ በፊት ግን ጎማውን ከውስጥ በብጫቂ ጨርቅ ዙሪያውን ይጠርገዋል። ጨርቁ ሲሄድ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ይያዛል፤ እሾኩ እዚያ ነው። በዓይን አይታይም፣ በጣት ብትፈልጊውም ይወጋሻል እንጂ ቶሎ አታገኚውም። ያንን ሳያወጣ የሚለጥፍ ጠጋኝ ጋ ከሄዳችሁ በማግስቱ ትመለሳላችሁ። ሌላው፣ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ጥገና በሙቀቱ ወራት ጠርዙ ይላቀቃል፤ በእሳት የሚለጠፈውን አስደርጉ። ጎማውንም ጢም አድርጋችሁ ነፍታችሁ ፀሐይ ላይ አታቁሙት። እኛ ከከተማ ስንወጣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያና ያንን ብጫቂ ጨርቅ ሳንይዝ አንሄድም።

የእሁድ ማለዳ መንገዳችን ወደ ሽኒሌ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለበትም። በጨለማ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል ወጥተን ፀሐይ ስትበረታ እንመለሳለን፤ ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆመን እናሳልፋለን። ግመል በሳይክል ይደነግጣል፣ ደወል አትደውሉበት፣ ውረዱና ጠብቁ። እረኛውን ሰላም በሉት። ስንመለስ ከዚራ ገብተን ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ አንዳንዴ ፉል፣ ከሻሂ ጋር። ሁለታችንም ሳምንቱን ሙሉ የምንጠብቃት ቁርስ ናት።

ሐረርን በሚመለከት ግን በደንብ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነውና። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩን ያየ ሰው "በግማሽ ቀን እንደርሳለን" ይላል። የመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ደንገጎ ዳገት ነው። በዚያች ርቀት ከ1,200 ሜትር ተነስቶ 2,000 ሜትርን ያልፋል፣ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ከመንገዱ ዳር የሚሸሹበት ቦታ ጠባብ ነው። ባለቤቴ ጉልበተኛ ነው፤ እሱም ዳገቱን በሳይክል መውጣቱን አይወደውም። መንገዱ ለስፖርተኞች ነው፣ ለባልና ሚስት ሽርሽር አይሆንም።

እኛ የምናደርገው ቅዳሜ ማለዳ ሳይክሎቹን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነን እስከ ደንገጎ መውጣት ነው። ለረዳቱ ከመጫኑ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ፣ ገመዱን ራሳችሁ እሰሩት፣ ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ደንገጎ ላይ ስትወርዱ አየሩ ሌላ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ ጃኬት ያዙ። ከዚያ እስከ ሐረር መንገዱ ወጣ ገባ ይላል እንጂ አይገድልም። ሐሮማያ ላይ ቆሙ። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ደርቆ ነበር፤ የሐረር ከተማ ውኃ ከዚያ ይሄድ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ያዝን ነበር። ዛሬ ውኃው ተመልሷል፣ ወፎቹም አሉ። እኛ ዳሩ ላይ ሳይክላችንን አስተኝተን ለውዝ እየበላን ሳናወራ የምንቀመጥበት ጊዜ አለ። አወዳይ ስትደርሱ ውረዱና ግፉ፤ የጫት ገበያው መንገዱ ድረስ ስለሚወጣ ሰውና መኪና ይደባለቃል።

ሐረር ስትገቡ ጀጎል ውስጥ በሳይክል አትግቡ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ድንጋይ ናቸው፣ ልጆችና አዛውንቶች ከበር ብቅ ይላሉ፤ ሰፈሩም የሰው ቤት ነው። ሳይክሉን ማረፊያችሁ አስቀምጡና በእግር ግቡ። ከቻላችሁ «ጌ ጋር» በሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት እደሩ፣ ከትልቅ ሆቴል ይልቅ ከቤቱ እናት ጋር ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ የምትጠጡበት ማታ ይሻላል። ሳይክሉን ለሚወድ ግን ከግንቡ ውጭ መዞር አለ። የጀጎል ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በማለዳ ከሸዋ በር ተነስተን በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በር አድርገን ወደ ፈላና በር እንወጣለን። ወደ ኤረር በር መሬቱ ስለሚያዘቀዝቅ ከዚያ በኋላ ያለው መውጣት ነው፣ አንዳንድ ቦታም መግፋት አለ። አምስቱንም በሮች ፎቶ አንሱ፤ በየበሩ የሚገባው ገበያተኛ ልብሱም ዕቃውም ይለያያል፣ የአገሩን ሰው በአንድ ዙር ታያላችሁ። ጅብ ሲበላ ማየት ከፈለጋችሁ ማታ በባጃጅ ሂዱ፣ በሳይክል አትሂዱ።

ስትመለሱ ደንገጎን በሳይክል መውረድ ትችላላችሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ከታች ድሬ ተዘርግታ ትታያለች፣ ሙቀቱም ኩርባ በኩርባ ሲጨምር ፊታችሁ ላይ ታውቁታላችሁ። ግን ማለዳ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ጫት የጫኑ መኪኖች ሰዓት ለመድረስ ይበራሉ፣ ኩርባ ላይ ለሳይክል ቦታ አይተዉም። ፍሬኑን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጨብጣችሁ አትውረዱ። እንደዚያ ሲሆን ቸርኬው ይግላል፣ የፍሬኑ ጎማ ይለሰልሳል፣ ከባሰም ከመነዳሪው በሙቀቱ ይፈነዳል። ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን መስበር፣ ቀጥታው ላይ መልቀቅ፣ ኩርባ ውስጥ አለመያዝ። እኛ በየመሐሉ ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ ወርደን ቸርኬው እስኪበርድ እንጠብቃለን። እዚህ ላይ ተራርቀን ነው የምንወርደው፣ ተጠጋግቶ መውረድ የለም። ከጉዞው በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ መናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ "ዛሬ ይቅር" ካሉም ይቅር።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፦ እናምጣ ወይስ እንግዛ? የአንቺ ሳይክል ለቁመትሽ የሚሆን፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ አምጪው፣ አውቶቡስ ጭኖ ያመጣዋል፤ ፔዳሉን ፍቺው፣ ማኑብሪውን አዙሪው፣ ማርሹን በካርቶን ጠቅልይው። ጎማው ቀጭን የእሽቅድምድም ዓይነት ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሽጪው። እዚህ ከመነዳሪና ጎማ በቀላሉ የምታገኙት ለ26 ቁጥር ነው፣ ወፍራሙ ጎማም አሸዋውን ይችለዋል። ድሬ ላይ ያገለገለ ስትገዙ ቸርኬውን ከፍ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፣ የሚወላገድ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ፤ ማኑብሪው ሥር ያለውን ብረት ቀለሙ የተሰነጠቀበት ካለ እዩ፣ ካለ አትግዙ። ሻጩ "ለሴት ይበቃል" ብሎ ትንሽ ሳይክል ሊሰጥሽ ይሞክራል። ተቀመጪበት፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ እጥፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከታጠፈ በሳምንት ውስጥ ያምሻል።

የምትከራዩት ቤት የት ሰፈር እንደሆነ ስታውቂ ጻፊልኝ። ከዚራ ወይም ግሪክ ካምፕ ከሆነ ጥላ ያለውን መንገድ እስከ ሥራ ቦታችሁ ልንገርሽ እችላለሁ፤ ሳቢያን ከሆነ ደግሞ ማለዳ ቀደም ብላችሁ መውጣት ስለሚኖርባችሁ የሥራ መግቢያ ሰዓታችሁን ጨምረሽ ላኪልኝ።